የሐዲዱ ሻለቃ ስም ጥሪ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ካሣ፤
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ

ጤናዎ እንዴት ነው? የዛሬ ዓመት ከላኩልን ሰላምታ ወዲህ ወሬዎ ጠፋብን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናቴ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። «ለካሣ ዕድሜውን ያርዝምልኝ በይልኝ» ብላለች። ይህን የሚያደርስልዎ ሾፌሩ ባንቴ ነው። በደወሌ ድንበር በኩል ስለሚመላለስ መልሱንም በእሱ እጅ ይስደዱልኝ። ስልክ ለጆሮዎ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለጉዳይ ነው። እርስዎና አባቴ የዘመታችሁበት የሐዲዱ ሻለቃ ሊታወስ ነው። የተረፉት ሽማግሌዎች ኮሚቴ አቋቁመው የስም ድንጋይ ሊያቆሙ፣ ታሪኩንም በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ተነሥተዋል። ሊቀ መንበሩ ያኔ የሻምበሉ ጸሐፊ የነበሩት ጋሽ ገብረኪዳን ናቸው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቅ፣ ለመጻፍም እጁ የማይሰንፍ ካሣ ብቻ ነው» ብለው ወደ እርስዎ ላኩኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የራሴ ነው። የሙታኑን ዝርዝር አየሁት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም አለበት፤ ልደቱ የሚል የአባቴ ስም የለበትም። ጋሽ ገብረኪዳንን ስጠይቃቸው አሮጌውን መዝገብ ገልጠው አሳዩኝ። «ጥቅምት 3 ቀን 1970፣ ከድቶ የጠፋ» ይላል። «ልጄ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይህን ወረቀት የሚያስለቅቀው አብሮት የተሰለፈ ምስክር ነው» አሉኝ። ከአባቴ ጓድ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ጋሼ፣ «የከጂው ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲታደል የዘማች ቤተሰብ በአንድ በኩል ይሰለፋል፣ እኔና እናቴ በሌላ በኩል። አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ግን ያ ሰልፍ ከሆዴ አልወጣም። ድንጋዩ የሚመረቀው የፊታችን ነሐሴ 12 ነው። ስም የሚጨመረው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው ተብሏል። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።

እጅ ነሥቻለሁ፤
የወንድምዎ ልጅ ስርጉት ልደቱ


ጅቡቲ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት፤

ከዚህ ባሕር ዳር እስከ ደጃችሁ ያለው መንገድ ሁሉ ሰላም ይሁንላችሁ። የእናትሽን ጉልበት ፈጣሪ ይማርልኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። ባንቴ በመጣ ቁጥር «ጋሼ፣ መልሱስ?» ይለኛል፤ እኔም «ቀለም አለቀብኝ» እለዋለሁ። ቀለሙ አላለቀም። ሽማግሌ ስንፍናውን የሚያሳብብበት አያጣም።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ሄጄ ፈረንሳይኛው ላልገባቸው ሾፌሮች ቅጽ እሞላለሁ። ቀትር ላይ ጫቱ ከአገራችን ሲገባ ሥራ ያበቃል፣ ከተማው ጥላ ጥላውን ይይዛል፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ክፍሉን ያከራየችኝ ኻሊዳ የምትባል ሱማሌ ናት። በግማሽ ሱማልኛ በግማሽ ዓረብኛ እንደምን አደርክ ትለኛለች። ከዚያ እስከ ማግስቱ ማንም አያናግረኝም።

እንግዲህ ታሪኩን ስሚ፤ ለኮሚቴው አንብቢላቸው።

በ1968 ሽፍቶች የሐዲዱን ብሎን እየፈቱ ባቡር መገልበጥ ለመዱ። ጠባቂ ላኩልን ብንል የሚሰማ ጠፋ። የምድር ባቡር ሠራተኞችና በሐዲዱ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ተሰብስበን «ራሳችን እንጠብቀው» አልን። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ስምንት ሰው ተመዘገበ። መካኒክ፣ ትኬት ቆራጭ፣ አንድ ጸጉር አስተካካይም ነበረበት፤ ጠመንጃውን እንደ መቀስ በሁለት ጣት ነው የሚይዘው። አባትሽ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ነበር፣ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ። ሥራችን ፋኖስና መዶሻ ይዞ በሐዲዱ ላይ መሄድ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ እየመቱ ድምፁን መስማት ነበር። የላላው ድምፁ ያስታውቃል። ወታደር አልነበርንም፤ የሐዲድ ሐኪሞች ነበርን ብል ይሻላል።

ወዶ ዘማች ነንና ሻምበሉ ሊያስገድደን ያፍር ነበር። ሽንኩርቱ የደረሰበት ወይም ልጁ የታመመበት ሹልክ ብሎ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ስሙ ሲጠራ ጓደኛው «አለ» ይልለታል። የዚህም ሕግ ነበረው፤ «አለ» ያልክለትን ሰው የጥበቃ ተራውን ትቆምለታለህ። ሻምበሉ እያወቀ ደመና ያለ ይመስል ወደ ሰማይ ያያል። ይህን ልማድ ሌላ ጦር ውስጥ አላየሁትም።

በ1969 የሱማሌ ጦርነት መጣ። ስድስት መቶ ሆነን ሻለቃ ተባልን፤ የደንብ ልብሱ ሁሉ አንድ ልክ ስለነበር ግማሾቻችን እጃችን አይታይም። ነሐሴ 12 ቀን የቀይ ኮረብታውን ድልድይ ይዘን ዋልን። ብዙ ሰው አለቀ።

ከጦርነቱ በኋላ ለሻለቃው ሥራ ጠፋለት። በመንግሥት እርሻ ላይ ማሽላ አጨድን። የሚዘፍኑት ተመርጠው የኪነት ቡድን ሆኑ፤ ጸጉር አስተካካዩ ክራር መታ። በ1977 በድርቁ ጊዜ የዱቄት መጋዘን ጠባቂ አደረጉን። ቀን ዱቄት እንጠብቃለን፣ ማታ መቃብር እንቆፍራለን። ከጦርነቱ ይልቅ ያ ይከፋል። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የቀረነው መቶ የማንሞላ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረን መሣሪያችንን እዚህ አስረከብን። ሌሎቹ በዓመቱ ተመለሱና ዕድር መሠረቱ። ይኸው ነው። ሻለቃችን ሽፍታ ሊያባርር ተወለደ፣ ጦር ሜዳ ጎረመሰ፣ ዱቄት እየጠበቀ አረጀ፣ ዕድር ሆኖ ቀረ።

አባትሽ ደግ ሰው ነበር። የእሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ለባንቴ ለቁርጥማት የሚሆን ቅባት ስጪልኝ።

አጎትሽ ካሣ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደዱ አጎቴ፤

ፈጣሪ ጤናና ጥላ አያሳጣዎት። ቅባቱን ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ይቀቡት።

ታሪኩን ለኮሚቴው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። በጸጉር አስተካካዩ ሲሥቁ ሲሥቁ አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። ስለ ዱቄቱ ሳነብ ግን ማንም ቀና አላለም። እንዳለ ይታተማል ብለዋል።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። ከነሐሴ 12 ወዲያ ዘለው ማሽላ አጨዳ ገቡ። መሐል ላይ አንድ መስመር የለም፤ አባቴ የጠፋው ደግሞ በዚያ መሐል ነው። ጋሽ ገብረኪዳን መዝገቡን ቀን በቀን አሳዩኝ። ከድልድዩ ውጊያ በኋላም እስከ መስከረም 28 ድረስ በስሙ ትይዩ «አለ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። እንግዲያ ከውጊያው ተርፏል። ታዲያ የት ገባ?

እናቴ ስጽፍልዎ አገኘችኝና ተቆጣችኝ። «ድንጋይ ላይ የሚጻፈው የሞተ ነው። አባትሽን በቁሙ አትቅበሪው» አለችኝ። ያውቃሉ፣ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ጥቁር አልለበሰችም። ሁለት ሰው ለጋብቻ ጠይቋት «ባለ ባል ነኝ» ብላ መልሳለች። ከጅቡቲ መኪና ገባ ሲባል ዛሬም ሻሿን ታስተካክላለች። እሷ የምትጠብቀው ሰው እንዳለ ትኖራለች፤ እኔ ግን የት እንዳለሁ አላውቅም። አባቴ ጥሎን ሄዶ ከሆነም ልወቀው።

አክባሪዎ ስርጉት


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስርጉት፤

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ሙቀቱ ገና በሚያዝያ ጀምሯል፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል፤ ስለዚህ አላስረዝምም። የአርባ ሰባት ዓመት መዝገብ መቆፈር ለማንም አይበጅም። ገብረኪዳን ያኔም ከወረቀት በቀር ወዳጅ አልነበረውም። እናትሽ ከኮሚቴው ሁሉ ትበልጣለች፤ እሷን ስሚ።

ከማዕከላዊ ገበያ ለአንቺም ለእሷም የሚሆን ስስ የቀሚስ ጨርቅ ገዝቼ ልኬያለሁ። ቀለሙን ያስመረጥኩት በኻሊዳ ነው።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ካሣ፤

ጨርቁ ደርሶኛል። በባንቴ እጅ መልሼዋለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ቃል ነው። አባቴ ሞቷል ወይስ አለ? ያንን ካላወቁ «አላውቅም» ብለው ይጻፉልኝና ልተውዎት። እያወቁ ዝም ካሉኝ ግን ከእንግዲህ አጎት አለኝ አልልም።

ስርጉት


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ስርጉት፤

ሰላም ልልሽ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ለሚጽፍ ሰው ሰላምታ አይቀናውም። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አባትሽ ሞቷል። የሞተው ነሐሴ 12 ቀን 1969 ከቀትር በኋላ ነው። ድልድዩን ለቅቀን በደረቁ ወንዝ ስናፈገፍግ ከፊቴ አሥር እርምጃ ያህል ቀድሞኝ ነበር። ወደቀ። ስደርስበት ነፍሱ ወጥታለች። ልሸከመው ስል መድፍ አጠገባችን ፈነዳና እኔንም ጣለኝ፤ ጆሮዬ የሄደው ያኔ ነው። ስነሣ ልሸከመው አቅም አጣሁ። ትቼው ሄድኩ። ያየን ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ስሙ ተጠራ። «አለ» አልኩ።

ምክንያቱን ስሚኝ። እናትሽ አንቺን አርግዛ ነበር፣ ወሯ ገብቷል። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሞተ ተብሎ ከተመዘገበ ግን ወረቀቱ በሳምንቱ ደጇ ይደርሳል፤ ወረቀት ነፍሰ ጡር አያውቅም። ስለዚህ እስክትወልድ፣ ከአራስነቷ እስክትነሣ ብቻ ብዬ ጀመርኩት። በየጠዋቱ «አለ» እላለሁ፣ የእሱን የጥበቃ ተራ እቆማለሁ። ያን ያህል ሰው አልቆ ሻለቃው ተደበላልቆ ስለነበር ማን እንደጎደለ የሚያጣራ አልነበረም። ከራሴ ተራ ወርጄ ወደ እሱ ተራ ስሄድ አንዳንዴ በሕይወት ያለ ይመስለኝ ነበር። መስከረም 8 ቀን ተወለድሽ። «ጥቂት ታግሼ ለገብረኪዳን እነግረዋለሁ» አልኩ።

መስከረም 28 ወባ ጣለኝና ሐረር ሆስፒታል ተኛሁ። በማግስቱ ስሙ ሲጠራ «አለ» የሚል ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ከጂ ብለው ጻፉት። ገብረኪዳን አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ስሙ ሲጠራ ዝም ብል ኖሮ ከጀግኖቹ ጋር ይጻፍ ነበር። እንዲኖር ያልኩት ቃል ስሙን አጠፋው።

ኅዳር ላይ ከሆስፒታል ወጥቼ እውነቱን ልነግራት እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። አንቺ ጡት ላይ ነበርሽ። እሷ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ሰማህ ካሣ? ከዳ አሉኝ። ሞቷል የሚል ወረቀት ስጠብቅ ከዳ አሉኝ። ከከዳ ነፍሱ አለች ማለት ነው፤ ይስደቡን ግድ የለም» አለችኝና ጠላ ቀዳችልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ወር እነግራታለሁ አልኩ፣ በሚቀጥለው ዓመት አልኩ። ተስፋዋ ሥር ሰደደ። በ1983 ሁሉም ሲመለስ እኔ እዚህ የቀረሁት አገሩን ወድጄው አይደለም። ዓይኗን ፈርቼ ነው።

አሁንስ ምን አናገረህ ትይኝ ይሆናል። ባለፈው ወር በለጡ የምትባል ሴት ከወሎ መጥታ ገበያው ውስጥ የልጇን ፎቶግራፍ እያሳየች ትጠይቅ ነበር። ልጁ ወደ የመን በጀልባ ከተሻገሩት ነው። አብረውት የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሰምጦ እንዳዩት ለእኔ ነገሩኝ፤ ለእሷ ግን «ሳዑዲ ሳይገባ አልቀረም» አሏት። ጫማቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ዝም አልኩ። እሷ መንገዱን ይዛ ሄደች። እንደገና አንድ ሰው «አለ» አስባልኩ።

ሰኞ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደሚባለው ሰፈር ወጥቼ ኤምባሲያችን ፊት ፈርሜ ምስክርነቴን አረጋግጫለሁ። አብሬ ልኬልሻለሁ። ለኮሚቴው ብትሰጪው የአባትሽ ስም ይመለሳል፣ እናትሽ ግን ባሏን ታጣለች። ብትቀጂው ማንም አይጠይቅሽም። አርባ ሰባት ዓመት እኔ ያልቻልኩትን በአንቺ ላይ መጫኔን አውቃለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ለእሷ አልነገርኳትማ።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ፈጣሪ ያበርታዎት። እኛንም እያበረታን ነው።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አሥራ አንድ ቀን መጻሕፍቴ መሐል ደበቅሁት። ስንት ዓመት የፈለግሁት ወረቀት እጄ ገብቶ መልሼ ደበቅሁት። እናቴ «ካሣ ምን አለ?» ስትለኝ «ሙቀቱ ከብዶታል» አልኳት። ያኔ እርስዎ ገቡኝ። እስከዚያ ቀን ተቆጥቼብዎት ነበር፣ አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም፤ ግን ውሸት እንዴት እንደሚጀመር አየሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቴ ጠራችኝ። «ጉልበቴን የሚያክም ሐኪም ሳቢያን ሰፈር መጥቷል አሉ፣ ውሰጂኝ። አባትሽ ቢመጣ ተቀምጬ ልቀበለው?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

መርዶውን እኔ አልነገርኳትም፤ በወጉ ይሁን ብዬ ጋሽ ገብረኪዳን ዘንድ ሄድኩ። ምስክርነትዎን አንብበው ሲጨርሱ መዝገቡን ዘግተው ረጅም ጊዜ እጃቸውን ላዩ ላይ አኖሩ። ከሻለቃው እዚህ የቀሩት ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ አይራመዱም። አራቱ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃችን ቆሙ።

እናቴ በሩን ከፍታ አየቻቸው። «ማን ነው?» አለች። «ልደቱ ነው» አሏት። «መቼ?» አለች። ነገሯት። አላለቀሰችም። በጣቷ ቆጠረች፤ እኔን ያረገዘችበትን ወር ነው የቆጠረችው። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቀች። «ታዲያ ካሣ እዚያ ከማን ጋር ነው ያለው?»

«ብቻውን ነው» አልኳት።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሁለታችሁ አንድ ቤት ያላችሁ ይመስላት ነበር። «ልደቱ አፍሮ፣ ካሣ ደብቆለት ነው እል ነበር። አንዱ ሲታመም ሌላው ውሃ ያቀብለዋል፣ ማታ ማታ ያወራሉ እል ነበር። እኔ ብቻዬን ብሆንም እነሱ ሁለት ናቸው ብዬ እጽናና ነበር» አለች። እንባዋን ማቆም አቃተን።

ሦስት ቀን ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ተቀመጥን። የሻለቃው ዕድር ነው የቀበረን፤ የሚቀበር ባይኖርም እንዲያ ነው የሚባለው። ድንጋዩ ተቀርጾ አልቆ ስለነበር የአባቴ ስም ከጎኑ ገባ፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛ ሆኖ። እናቴ ጥቁር ለብሳለች። ያን ጨርቅ ለሌላ ካልሰጡት በባንቴ መልሰው ይስደዱልኝ፤ በጥቁር አስነክረዋለሁ።

የላከችብዎ ቃል ይህ ነው፣ እንዳለችው ጻፍኩት፦ «ወረቀት አልቀበልም። መጥተህ ፊቴ ቆመህ ንገረኝ። የት እንደወደቀ፣ ፊቱን በየት በኩል እንዳዞረ፣ ሁሉንም። ካልመጣህ ግን ሁለታችሁንም ቀበርኩ።»

ስርጉት


ጅቡቲ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየውብዳር፣ ለስርጉት እናት፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ልጽፍልሽ አርባ ሰባት ዓመት ዘገየሁ።

ይህን ቀድሞኝ እንዲደርስሽ በሌላ ሾፌር ልኬዋለሁ፤ እኔ ሐሙስ ከባንቴ ጋር እነሣለሁ። ለመመለሻ የሚሆን ነገር አልያዝኩም። ፊትሽ ቆሜ የጠየቅሽኝን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምታደርጊኝን አንቺ ታውቂያለሽ።

የስርጉት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አላወቅሁም እንጂ ድምፄን አውጥቼ አልቅሻለሁ። አከራዬ ኻሊዳ ሮጣ መጣች። «ማን ሞተብህ?» አለችኝ። «ወንድሜ» አልኳት። «መቼ?» አለች። «የዛሬ አርባ ሰባት ዓመት» አልኳት። ያበደ መሰልኳት ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ገብታ ምንጣፍ አመጣችና ግቢው ውስጥ አነጠፈች። ዳቦ ሻጩን ከይረዲንን ጠራች፣ ከጎረቤት ሴቶቹን ጠራች። ሻይ በወተት አፍልተው አመጡ። የልደቱን ስም አስጠሩኝና እንደየአፋቸው አሉት። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አጠገቤ ተቀመጡ።

በዚህ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ስኖር ሰው ለእኔ ብሎ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሲነሡ ምንጣፉን ላጥፍ ጎንበስ ብል ኻሊዳ እጄን ያዘችኝ። «ተወው፣ ነገም እንመጣለን» አለችኝ።

ካሣ